የሽቅብ ሰፈር ጥሩምባ ለምን ዝም አለ

ድሮ ተረት ተረት ስላችሁ "የላም በረት" ትሉኝ ነበር። አሁን በረቱ ፈርሶ ፎቅ ቆሞበታል፤ ስለዚህ "የፎቅ ደረጃ" በሉኝና ልጀምር።

ሽቅብ ሰፈር የሚባል ሰፈር ነበር። ነበር ነው የምላችሁ፤ ዛሬ ብትሄዱ መንገድ እንጂ ሰፈር አታገኙም። በዚያ ሰፈር የአንዱ ቤት ግድግዳ የሌላውም ግድግዳ ስለሆነ፣ ጨው ያለቀባት ሴት ግድግዳውን ታንኳኳለች እንጂ በር ድረስ አትለፋም። አንዱን ሬዲዮ ስድስት ቤት ያዳምጠዋል። ሰው ያረፈ እንደሆነ ደግሞ የዕድሩ ጥሩምባ ነፊ ጋሽ ኩምሳ ጎህ ሲቀድ ካፖርታቸውን ደርበው ይወጣሉ። አንዴ ነፍተው የሟቹን ስም ጠርተው "የሰማህ ላልሰማ አሰማ" ሲሉ ሽቅብ ሰፈር ከላይ እስከ ታች ይነቃል። ጤዛው ሳይረግፍ ድንኳኑ ተተክሎ አግዳሚው ተደርድሯል። ደግ ዘመን ነበር። ከመንደሩ ማንም ብቻውን አያለቅስም ነበር።

ከዚያ ቦታው ለመንገድ ተፈለገና ሰፈሩ ፈረሰ። መቶ ሠላሳ ሰባቱ ቤተሰብ ወደየኮንዶሚኒየሙ ተበተነ። ጋሽ ኩምሳና የዕድሩ ጸሐፊ አረጋሽ አንድ ሕንፃ ደረሳቸው፤ እሳቸው ምድር ቤት፣ እሷ አራተኛ ፎቅ። የቀሩት የት እንደገቡ በቃሉ የሚያውቅ አልነበረም። በዚህ መሐል የሰፈሩ ልብስ ሰፊ አቶ ገረመው በከተማው ሌላ ጫፍ አርፈው በአሥራ አንድ ሰው ተቀበሩ። ጋሽ ኩምሳ ወሬውን የሰሙት በሦስተኛው ሳምንት ነው። ሐዘን ልድረስ ብለው ተነሡና ከደጃፋቸው ተመለሱ፤ ጥሩምባ ነፊ ሦስት ሳምንት ዘግይቶ ምን ብሎ ይገባል? ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ ከዓይናቸው ጠፋ።

አንድ ጠዋት ደረጃውን እያረፉ እያረፉ ወጥተው አረጋሽ ዘንድ ገቡ።

"ልጄ፣ እኔ ብዙ አልፈልግም" አሏት። "አንዴ ስነፋ ሰፈሩ ሁሉ እንዲሰማ ብቻ ነው የምፈልገው። ትንፋሼ ትንሽ ናት፤ ከተማው ደግሞ ሰፊ ነው።"

አረጋሽ ሠላሳ አንድ ዓመት ታይፒስት ሆና ሠርታ ጡረታ የወጣች ሴት ናት። በአሥር ጣቷ ሳታይ ትጽፋለች፤ የጽሕፈት መኪናዋ ድምፅ ከኮሪደሩ ማዶ ይለይ ነበር። እናቷ ያረፉ ቀን ጥሩምባውን የነፉላት ጋሽ ኩምሳ ናቸው፤ ሳምንቱን ሙሉ ቤቷ ሰው አልጠፋም። እንዲህ ላደረገላት ሰው እምቢ አይባልም። ስለዚህ ፕሮግራም መጻፍ ሥራዋ ወደሆነው ወደ እህቷ ልጅ ወደ ሳምራዊት ደወለች። ሳምራዊትም ይቻላል አለች። አንድ የዌብ አፕሊኬሽን ይሠራል፤ ጋሽ ኩምሳ ገጹ ላይ ያለችውን ጥሩምባ ሲነኩ የሁሉም ስልክ ይጠራል፤ ስልኩን ያነሣ ሰው የእሳቸውን ጥሩምባና ድምፅ ይሰማል። ይሁንና ዕድሩ የሌላ ሰው እጅ እንዲያይ አልፈለገችም። አክስቷ ራሷ እንድትሠራው፣ እሷ ደግሞ እሁድ እሁድ እየመጣች እንድታሳያት ተስማሙ።

አረጋሽ ታክሲ ውስጥ ወጣቶች ሲያወሩ የሰማቻቸውን፣ ፍሬምወርክ የሚባሉ የፕሮግራም መሥሪያ ማዕቀፎች ስም ሁሉ በወረቀት ጽፋ ጠበቀቻት። ሳምራዊት ወረቀቱን አጥፋ መልሳ ሰጠቻት።

"አክስቴ፣ ምሰሶ ሳይቆም የጣሪያ ቀለም አይመረጥም። መጀመሪያ ገጹን አቁሚ።"

የገጹ አጥንት ኤችቲኤምኤል ይባላል። የቱ ርእስ እንደሆነ፣ የቱ አንቀጽ፣ የቱ የሚነካ ነገር፣ እሱን እየለዩ መጻፍ ነው። ይህማ የታይፒስት ሥራ ነው ብላ በሁለት ቀን ጨረሰችው። የልማድ ነገር ሆኖ ግን ከላይ "ቁጥር"፣ ቀጥሎ "ቀን"፣ ከዚያ "ጉዳዩ፦ የሞት መርዶን ይመለከታል"፣ ከግርጌም "ግልባጭ" ብላ አስቀመጠችበት። ጋሽ ኩምሳ መነጽራቸውን አድርገው አዩና ከሥራ የተባረርኩበትን ደብዳቤ ይመስላል አሉ። እሷም ሁሉንም ሰርዛ አንዲት ጥሩምባ ብቻ አስቀረች። አሁን ይውጣ ስትል ገጹ እምቢ አለ። ራቁቴን ነኝ፣ ልብሴ ሳይሟላ ሰው ፊት አልወጣም አለ። ገጹ ካልወጣ ጥሩምባው አይነፋም፤ ጥሩምባው ካልተነፋ ሰፈሩ አይሰማም፤ ሰፈሩ ካልሰማ ጋሽ ኩምሳ አይተኙም።

የገጽ ልብስ ሲኤስኤስ ይባላል። ቀለሙ፣ የፊደሉ መጠን፣ የጎንና ጎኑ ክፍተት ሁሉ በእሱ ነው። አረጋሽ ልብስ የሚለውን ስትሰማ አቶ ገረመው ትዝ አሏት። መሥሪያ ቤት የገባች ሰሞን የመጀመሪያዋን ሙሉ ልብስ የሰፉላት እሳቸው ናቸው። ሜትራቸውን አንገታቸው ላይ ጣል አድርገው፣ ልብስ ለሰውየው ልክ እንጂ ለጨርቁ ልክ አይሰፋም ይሉ ነበር። ለኮምፒዩተሯ ስፋት የሰፋችውን ፈታ ለትንሽ ስልክም ለትልቅ ስልክም እንዲሆን አድርጋ ሰፋችው፤ ጥሩምባዋንም የጋሽ ኩምሳ አውራ ጣት እንዳይስታት አተለቀቻት። ልብሱ ግን እምቢ አለ። ማሳመር እንጂ መንቀሳቀስ አላውቅም፣ ተላላኪ ከሌለኝ አልሟላም አለ። ተላላኪው ካልሮጠ ልብሱ አይሟላም፤ ልብሱ ካልተሟላ ገጹ አይወጣም፤ ገጹ ካልወጣ ጥሩምባው አይነፋም፤ ጥሩምባው ካልተነፋ ሰፈሩ አይሰማም፤ ሰፈሩ ካልሰማ ጋሽ ኩምሳ አይተኙም።

የተላላኪው ስም ጃቫስክሪፕት ነው። አረጋሽ ስሙ ረዝሞባት ተላላኪው እያለች ቀረች። ጣት ሲነካ የሚሰማ፣ ሰምቶም መልእክት ይዞ የሚሮጥ እሱ ነው። ወር ሙሉ ለፋችበት። እንዲህ ከሆነ እንዲህ አድርግ፣ ይህን አሥር ጊዜ ድገም፣ ይህን ያዝና ለዚያ ስጥ ማለትን ተማረች። ከዚያ አንድ ቀን የጻፈችው በሙሉ አልሠራ አለ፤ የኮምፒዩተሩ ፊት ቀይ በቀይ ሆነ። ሁለት ቀን ተኮራርፈው ተቀመጡ። እሁድ ሳምራዊት መጥታ ብታይ፣ አክስቷ በሠላሳ አንድ ዓመት ልማድ በየመስመሩ መጨረሻ በእንግሊዝኛው ምልክት ፋንታ የአማርኛውን ድርብ ሰረዝ አድርጋለች። ሳምራዊት እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ከዚያ ጎኗ ተቀምጣ ቀዩን ጽሑፍ ቃል በቃል አስነበበቻት፤ ስድብ አይደለም፣ ስህተቱ ስንተኛው መስመር ላይ እንዳለ የሚናገር ነው አለቻት። ከዚያ ወዲህ አረጋሽ ቀይ ባየች ቁጥር መነጽሯን ትፈልጋለች እንጂ አታኮርፍም። ተላላኪውም ሮጠ፤ ሮጦም ባዶ እጁን ተመለሰ። ደጃፍ ደርሼ የሚቀበለኝ አጣሁ፣ ሁለተኛ አልሮጥም አለ። ሰርቨሩ ካልተቀበለ ተላላኪው አይሮጥም፤ ተላላኪው ካልሮጠ ልብሱ አይሟላም፤ ልብሱ ካልተሟላ ገጹ አይወጣም፤ ገጹ ካልወጣ ጥሩምባው አይነፋም፤ ጥሩምባው ካልተነፋ ሰፈሩ አይሰማም፤ ሰፈሩ ካልሰማ ጋሽ ኩምሳ አይተኙም።

ሰርቨር ማለት ከሩቅ ቦታ ተቀምጦ ሌት ተቀን ጥያቄ የሚቀበል ኮምፒዩተር ነው። አረጋሽ በመሥሪያ ቤቷ መስኮት ላይ የነበረውን መዝገብ ቤት አሰበች፤ ደብዳቤ ተቀብሎ፣ አይቶ፣ ወደሚመለከተው ይመራል። ይህኛው ሻይ ለመጠጣት የማይነሣ መሆኑ ብቻ ለየት ይላል። ሳምራዊት የተላላኪውን ቋንቋ ሰርቨሩም ስለሚሰማ አዲስ ቋንቋ አትለምጂም ብላ አጽናናቻት። አንድ ቀን ቸኩላ የሁለት ሳምንት ሥራዋን አጠፋችው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባል የለ፤ አልቅሳም ሁሉንም እንደገና ጻፈች። ያን ጊዜ ሳምራዊት ጊት የሚባለውን አሳየቻት፤ የተጻፈውን ሁሉ በየእርከኑ ቅጂ እያስቀረ ይይዛል። አረጋሽ ከጽሕፈት መኪናው ወረቀት ሥር ታስገባው የነበረው ካርቦን ትዝ አላት፤ ይህን ከመጀመሪያው ቀን ብትነግሪኝ ምን ነበረበት ብላ ተቆጣች። ሰርቨሩ ተነሥቶ ሥራ ሲጀምር ደግሞ እምቢ አለ። መላክ እችላለሁ፣ ለማን እንደምልክ የሚያስታውስልኝ ከሌለ ግን አልቀበልም አለ። ዳታቤዙ ካላስታወሰ ሰርቨሩ አይቀበልም፤ ሰርቨሩ ካልተቀበለ ተላላኪው አይሮጥም፤ ተላላኪው ካልሮጠ ልብሱ አይሟላም፤ ልብሱ ካልተሟላ ገጹ አይወጣም፤ ገጹ ካልወጣ ጥሩምባው አይነፋም፤ ጥሩምባው ካልተነፋ ሰፈሩ አይሰማም፤ ሰፈሩ ካልሰማ ጋሽ ኩምሳ አይተኙም።

ዳታቤዝ ሁሉን የሚያስታውስ ነው። አረጋሽ ከሁሉም እሱን ወደደችው፤ በሠንጠረዥ ነውና። በአንዱ ዓምድ ስም፣ በሁለተኛው ስልክ፣ በሦስተኛው አሁን የሚኖሩበት ቦታ። በየእሁዱ ደረጃውን የሚወጡት ጋሽ ኩምሳ አሁን ደረሰ ወይ ብለው ጠየቋት፤ አዎ፣ የቀረው መሙላት ብቻ ነው አለቻቸው። ዳታቤዙ ግን አፉን ከፍቶ ጠበቃት። ያልነገሩኝን አላስታውስም፣ መዝገቡ ይገለጥና ይነበብልኝ አለ። መዝገቡ አለ። ሰፈሩ በሚፈርስበት ዋዜማ በመጨረሻው ስብሰባ ላይ ሰው ሁሉ ወዴት እንደሚሄድና በምን ስልክ እንደሚገኝ እያለቀሰ ነግሯት በእጇ የጻፈችው እሷው ናት። ያለው ግን ከጋሽ ኩምሳ አልጋ ሥር፣ በዕድሩ ሣጥን ውስጥ ነው። ሣጥኑ ደግሞ ሦስት ቁልፍ አለው፤ ሦስት ሰው ይይዘዋል፤ ሦስቱ ሳይስማሙ አይከፈትም። ከአባቶች ጀምሮ የመጣ ነው። መዝገቡ ካልተገለጠ ዳታቤዙ አያስታውስም፤ ሣጥኑ ካልተከፈተ መዝገቡ አይገለጥም፤ ቁልፉ ካልተሰጠ ሣጥኑ አይከፈትም።

አንዱ ቁልፍ በአረጋሽ እጅ ነው። ሁለተኛውን የዕድሩ ሊቀ መንበር አቶ ወሰንየለህ በአንድ የስልክ ጥሪ ይዘው መጡ። ሦስተኛው በወይዘሮ አስካለች ዘንድ ነው፤ በአሥራ አንድ ሰው የተቀበሩት የአቶ ገረመው ባለቤት ናቸው። አረጋሽ ይህን ከመጀመሪያው ታውቅ ነበር። ስምንት ወር ሙሉ ገጽና ልብስ ስትል የቆየችው፣ እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ እዚያ ቤት ላለመሄድም ነበር። እሷም ሐዘን ልድረስ ብላ ዛሬ ነገ ስትል ቀኑ አልፎባታል። ባዶ እጇን ሄደች። ወይዘሮ አስካለች በር ከፈቱላት፣ አስቀመጧት፣ ጤናዋን ጠየቋት። ነገሩን አድምጠው ሲያበቁ በአንገታቸው ያንጠለጠሉትን ቁልፍ ከነጠላቸው ሥር ጨበጡት።

"በዚያ ጠዋት የማውቀውን ስልክ ሁሉ ደወልኩ" አሉ። "አንዱ ዝግ ነው፣ አንዱ ተቀይሯል። ሬሳውን የተሸከሙት የማላውቃቸው ሰዎች ናቸው። ገረመው አርባ ዓመት የሰው ቀብር ወጥቷል። ለእሱ ያልተነፋ ጥሩምባ ለማንም አይነፋም።"

እንግዲህ ጉዱን ተመልከቱ። ወይዘሮ አስካለች ካልታረቁ ቁልፉ አይሰጥም፤ ቁልፉ ካልተሰጠ ሣጥኑ አይከፈትም፤ ሣጥኑ ካልተከፈተ መዝገቡ አይገለጥም፤ መዝገቡ ካልተገለጠ ዳታቤዙ አያስታውስም፤ ዳታቤዙ ካላስታወሰ ሰርቨሩ አይቀበልም፤ ሰርቨሩ ካልተቀበለ ተላላኪው አይሮጥም፤ ተላላኪው ካልሮጠ ልብሱ አይሟላም፤ ልብሱ ካልተሟላ ገጹ አይወጣም፤ ገጹ ካልወጣ ጥሩምባው አይነፋም፤ ጥሩምባው ካልተነፋ ደግሞ ወይዘሮ አስካለች አይታረቁም። ዞሮ ዞሮ ነገሩ ራሱን ነከሰ። ለሳምራዊት እንኳ ይህን ማስተካከል በትምህርቷ ውስጥ አልነበረም።

አረጋሽ ተመልሳ ሁሉንም ለጋሽ ኩምሳ ነገረቻቸው። ሽማግሌው ከመቀመጫቸው ተነሡ። ከዚያ ካፖርታቸውን ለበሱ፤ ጥሩምባዋን ከግድግዳው አወረዱ፤ አንቺ መንገዱን አሳዪኝ እንጂ ሌላውን ለእኔ ተይው አሉ። ሦስት ታክሲ ቀያየሩ። በወይዘሮ አስካለች ኮንዶሚኒየም ቅጥር በር ላይ ጥበቃው ምን እንደያዙ ጠየቃቸው፤ መርዶ አሉት፤ አሳለፋቸው። ከሕንፃዎቹ መሐል ባለው ሜዳ ላይ ቆሙና ጥሩምባዋን ወደ አፋቸው አስጠጉ።

መጀመሪያ የወጣው ነፋስ ብቻ ነበር። አረጋሽ ወደ እሳቸው ልትራመድ ስትል በእጃቸው ከለከሏት፤ ትንፋሻቸውን ሰብስበው እንደገና ነፉ። አሁን ጥሩምባዋ ጮኸች። አምስት ፎቅ ሙሉ መስኮቱ ተከፈተ፤ የማያውቋቸው ሰዎች አንገታቸውን አወጡ። ጥሩምባዋ ገና እየጮኸች አረጋሽ ስልኳን አውጥታ ድምፁን መቅዳት ጀመረች። ጋሽ ኩምሳ በሽቅብ ሰፈር ድምፃቸው ተጣሩ፦

"የሽቅብ ሰፈሩ ልብስ ሰፊ አቶ ገረመው ዘውገ አርፈዋል። የሰማህ ላልሰማ አሰማ።"

ወይዘሮ አስካለች ነጠላቸው እየተጎተተ ደረጃውን ወርደው ፊታቸው ቆሙ። ለመቆጣት የመጡ ይመስሉ ነበር።

"ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ" አሉ። "ስምንት ወር ሙሉ የት ነበሩ?"

"እውነትሽን ነው፣ እህቴ" አሉ ጋሽ ኩምሳ። "ሦስት ሳምንት ዘግይቼ ብሰማ አፈርኩ፤ እፍረቱ ስምንት ወር አደረገው። ጥፋቱ የጥሩምባዋ አይደለም፣ የእኔ ነው።"

ወይዘሮ አስካለች መሬት መሬቱን አዩ። በመጨረሻ እስቲ ስሙን ድገሙልኝ አሉ። ጋሽ ኩምሳ ደገሙት። ሦስተኛም ደገሙት። በሦስተኛው ላይ ወይዘሮ አስካለች ባላቸው ከሞቱ ወዲህ በሰው ፊት ያላለቀሱትን አለቀሱ፤ አረጋሽም አቅፋቸው አለቀሰች። ለቅሶው ካበቃ በኋላ ቁልፉ ያለበትን ክር ከአንገታቸው አወጡ።

ወይዘሮ አስካለች ሲታረቁ ቁልፉ ተሰጠ፤ ቁልፉ ሲሰጥ ሣጥኑ ተከፈተ፤ ሣጥኑ ሲከፈት መዝገቡ ተገለጠ፤ መዝገቡ ሲገለጥ ዳታቤዙ አስታወሰ፤ ዳታቤዙ ሲያስታውስ ሰርቨሩ ተቀበለ፤ ሰርቨሩ ሲቀበል ተላላኪው ሮጠ፤ ተላላኪው ሲሮጥ ልብሱ ተሟላ፤ ልብሱ ሲሟላ ገጹ ወጣ። ቅዳሜ ጠዋት ሦስቱ ቁልፍ ያዦችና ጋሽ ኩምሳ በወይዘሮ አስካለች ቤት ተቀመጡ። አረጋሽ ስልኳን ለጋሽ ኩምሳ አቀበለቻቸው። እሳቸውም አውራ ጣታቸውን በካፖርታቸው ጠርገው ጥሩምባዋን ነኩ።

ለጥቂት ጊዜ ምንም አልተሰማም። ከዚያ ጠረጴዛው ላይ አንድ ስልክ ጠራ። የወይዘሮ አስካለች ነበር፤ መዝገቡ ላይ የእሳቸውም ስም አለና። አንሥተው ጆሯቸው ላይ አደረጉት። ጥሩምባዋን ሰሙ፤ የባላቸውን ስም ሰሙ፤ ጋሽ ኩምሳ ኋላ በጨመሩት ቃል፣ ነገ እሁድ ከሦስት ሰዓት ጀምሮ የሽቅብ ሰፈር ሰው ሁሉ እሳቸው ቤት መጥቶ ሐዘን እንደሚደርስ ሰሙ። እስከ መጨረሻው አዳምጠው ስልኩን በቀስታ ጭናቸው ላይ አኖሩት።

"ሰማሁ" አሉ።

እሁድ ሽቅብ ሰፈር መጣ። ሰው ከቤቱ ሞልቶ ደረጃው ላይ ተቀመጠ፣ ከደረጃው ሞልቶ ሜዳው ላይ ድንኳን ተተከለ። ከአራት አቅጣጫ የመጡ ጎረቤታሞች ተቃቅፈው ማን እንደ ሸበተ፣ ማን እንደ ወለደ ተጠያየቁ። በአቶ ገረመው የተሰፋ ኮት የለበሰ ሁሉ ገበሩን ገልጦ ስፌቱን ለባለቤታቸው አሳየ። ወይዘሮ አስካለች አንዱን እየሸኙ አንዱን ሲቀበሉ መቀመጫ አላገኙም። እኩለ ቀን ላይ አረጋሽ ውኃ ይዛ ጋሽ ኩምሳን ፈለገቻቸው። ድንኳኑ ውስጥ፣ በሁለት ጎረቤት መሐል፣ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው አገጫቸው ደረታቸው ላይ ወድቋል፤ ያንኮራፋሉ። ልቀስቅሳቸው ወይ ብላ ወይዘሮ አስካለችን ጠየቀች። ተያቸው አሉ፤ ለሰውም ሁሉ ድምፃችሁን ዝቅ አድርጉ ብለው ነገሩ።

ተረቴን መልሱ፤ አፌን በዳቦ ማበሱ ይቅርና፣ ዛሬውኑ ለቀድሞ ጎረቤታችሁ ደውሉ።